የእናቴና የአባቴ የጋብቻ ወረቀት

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሰላም ስልኳን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። ታናሽ እህቷ ውጭ አገር ልትመረቅላት ስለሆነ የጉብኝት ቪዛ ልታመለክት ነው። «አክስቴ፣ የትኛው ሰነድ ይቅደም?» አለችኝ። ፓስፖርቱ፣ የግብዣው ደብዳቤ፣ የሥራ ማስረጃው እያልኩ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ምክንያቱን ካልነገርሽኝ ብላ ያዘችኝ።

ነገሩ የሆነው በወጣትነቴ ነው፤ ያኔ ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቄ ምደባ እየጠበቅኩ ቤት ተቀምጬ ነበር። ስዊድን ያገባችው ታላቅ እህቴ ማርታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ በአራስነቷ እማዬ አጠገቧ እንድትሆን ፈለገች። የእማዬ አገር ግን ተወልዳ ያደገችበት የጨንቻ ደጋና ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለው የሙዝ ማሳችን ነበር፤ ከዚያ ርቃ አታውቅም። አባዬ «የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብሎ የቪዛውን ሰነድ ለእኔ ተወው።

የሚያዝያ ዝናብ ነበር። ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልዬ በሲቀላ ሰፈር ጭቃ ከቢሮ ቢሮ ላይ ታች እላለሁ። ቤት ስገባ አልጋዬ ላይ እዘረጋቸዋለሁ፦ ማን እንደጋበዛት የሚያሳየው በአንድ በኩል፣ ተመልሳ እንደምትመጣ የሚያሳየው በሌላ በኩል። አባዬ ለገበያ ያቆየው ሙዝ እዚያው ክፍል ስለሚበስል ሰነዱ ሁሉ ሙዝ ሙዝ ይል ነበር። የመሬቱ ደብተርም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደብዳቤም ተገኘ። የጋብቻ ወረቀት ግን ከየት ይምጣ?

«እኔ ገበያው ሁሉ ያየኝ ሰው ነኝ» አለች እማዬ፣ ቅር ብሏት። እውነቷን ነው። በእነሱ ጊዜ ሙሽራ ራሷ ላይ ቅቤ ተደርጎላት ገበያ ትወጣለች፤ ሕዝቡ አይቶ ይመርቃታል። ምርቃት ደግሞ ማኅተም የለውም።

ስለዚህ ጋብቻቸውን ሊያስመዘግቡ ሆነ። ሠርጋቸውን የሚያውቁት አጎታችን ለምስክርነት ከጨንቻ ጉም ወርደው መጡ። ፎቶ ቤት ስንገባ አባዬ በተዋሰው ኮት እንደ እንጨት ደርቆ ተቀመጠ። ፎቶ አንሺው «አባባ፣ ትንሽ ወደ እሳቸው ጠጋ ይበሉ» ሲለው እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ከዚያ ጋብቻ ወደሚመዘገብበት ቢሮ ሄድን፤ መዝጋቢዋ ወጣት ሴት ነበረች። እንደ ወጉ ጠየቀች፦ «በፈቃዳችሁ ነው የተጋባችሁት?»

«እኔ፣ አዎ» አለ አባዬ ፈጠን ብሎ።

እማዬ መዝጋቢዋን ትኩር ብላ አየቻት። እኔ ፋይሉን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜያለሁ፤ አጎታችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያኔ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች እማዬ ቀስ ብላ። «አባቴና ሽማግሎቹ ከጨረሱ በኋላ ነው የሰማሁት።»

መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አባዬ አንገቱን ደፋ።

«ዛሬ ከጠየቅሽኝ ግን በፈቃዴ ነው። ጻፊው፣ የኔ ልጅ።»

ስንመለስ ባጃጅ ልጥራ ብል አባዬ በእግር እንሂድ አለ። ጃንጥላውን ለእሷ ብቻ ይዞላት፣ እሱ ይበሰብሳል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

ትንሽ ሄዱና፣ «ማርታ ጋ ትቀሪያለሽ?» አለ።

«አልቀርም» አለችው፤ ጃንጥላውንም ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

ቪዛው ተፈቀደ። እማዬ ሄዳ የማርታን ልጅ አቀፈች፤ ብርዱ ሳይጠና ተመለሰች። እዚያ ሳለች አባዬ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲደውልላት የሚያስቀድመው ጥያቄ «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» የሚል ነበር። ከመጣችም በኋላ አልተወውም። ላም ሊሸጥ ይጠይቃታል፣ እንግዳ ሊጋብዝ ይጠይቃታል። አንዳንዴ ይሰለቻትና «የፈለግኸውን አድርግ» ትለዋለች።

አባዬ ካረፈ ቆየ። ለሰላም ይህን አውርቼላት ስጨርስ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣው ነበር። ሰው ዕድሜውን አብሮ ኖሮ ሳይጠያየቅ የሚያልፈው ስንት ነገር አለ። ለእነሱ ጥያቄው የመጣው በቪዛ ሰበብ ነው። በየትም በኩል ይምጣ፣ አባዬ መልሱን በጆሮው ሰምቶ መሞቱ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።