አንገቱ የተቀበረ የውሃ ሣር

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ብሩክ ቤቱ ጠራኝ። እዚህ ወልድያ የሚያስተምር የሐዋሳ ልጅ ነው። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ወልድያ ላይ ዓሣ ቢናፍቀው አልፈርድበትም፤ ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ አኳሪየም አቁሟል። ዓሦቹ ደህና ናቸው። ከአዲስ አበባ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣቸው የውሃ ተክሎች ግን ከሥራቸው እየበሰበሱ አስቸግረውታል። መብራት ቀይሯል፣ ማዳበሪያ ገዝቷል፣ የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲበን በባልዲ እያሳደረ ይጨምራል። አንዴ ጎንበስ ብዬ አየሁና እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ይህን በሽታ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ በገዛ እጄ አምጥቼው ነበርና።

መርሳ የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ የተመደብኩበት የመጀመሪያ ዓመት ነበር። ስለ ራሴ የነበረኝ ግምት ከደመወዜ በብዙ ይበልጥ ነበር። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ዲግሪም ይዣለሁ፤ ስለ ተክል ከዚያ በላይ ማን ምን ሊነግረኝ? የፊዚክስ መምህሩ ግርማ ከአሮጌ የመስኮት መስታወት ሳጥን ሠራልኝ። ከወንዙ ጣት የማያህሉ ዓሦች አጠመድን፤ ከብርቱካን ማሳዎቹ በታች ካለው ቦይ ደግሞ ቅጠሉ እንደ ሪባን የረዘመ የውሃ ሣር ነቅዬ አሸዋው ውስጥ ተከልኩ። ከዚያ ክፍሉ ፊት ቆሜ ፎከርኩ። በወላጆች ቀን ፀሐይ ስታርፍበት ይህ ሣር ሲተነፍስ በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ አልኳቸው።

ርዕሰ መምህሩ ሰምቶ ሳቀ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ግን ለስፖርት ዋንጫዎቹ የመስታወት ሳጥን ከፈለገ ቆይቷል። ሣርሽ እስከ ወላጆች ቀን ካልለመለመ ሳጥኑ የእኔ ነው አለኝ። እሺ አልኩት፣ ያለ ምንም ጥርጥር።

ሳምንት ሳይሞላው ሣሩ ቢጫ መሆን ጀመረ። አልደነገጥኩም። እኛ አገር፣ ከሐራ ወዲህ፣ ማሽላ ከጉልበት ከፍ ሲል አፈር እናስታቅፈዋለን፤ እግሩ ሥር አፈር ሰብስበን እንከምርለታለን ማለት ነው። እጄ ከልጅነቱ የለመደው ይህን ነው። እናም አሸዋ አስታቀፍኩት። ሲብስበት ጨመርኩለት። ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ለሰለሰ፣ ሲነኩት በእጅ ይቀር ጀመር፣ ውሃውም ሸተተ። ተማሪዎቼ በይሉኝታ ወደዚያ ማየት ተዉ። ርዕሰ መምህሩ አንድ ቀን ትልቁን ዋንጫ ታቅፎ መጣና በሳጥኑ ቁመት ለክቶት ሄደ።

በዚያው ሰሞን አባቴ የማንጎ ችግኝ ሊገዙ መርሳ መጡ። ግንቦት ነው፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ የመንገዱ ዳር በሙሉ የበሰለ ማንጎ ይሸታል። እናቴ የቋጠረችልኝን የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠምን ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰድኳቸው። ዓሦቹን አይተው ይደነቁልኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሳጥኑ ፊት ቁጢጥ ብለው ሥር ሥሩን ያዩ ጀመር። ብዙ ቆዩ።

«ለምን አስታቀፍሽው?» አሉኝ።

«ደክሞ ነዋ አባባ። አንቱ ማሽላውን እንደሚያደርጉት ነው ያደረግሁት።»

«እኔ ማሽላውን የማስታቅፈው ነፋስ እንዳይጥለው ነው። እዚህ ውስጥ ምን ነፋስ አለ ልጄ?»

ስንት ዓመት አፈር ሳስታቅፍ አንድ ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። ቦዩ ውስጥ ሳለ አንገቱ ተቀብሮ ነበር ወይ ብለውም ጠየቁኝ። አልነበረም። እዚያ ውሃው አፈሩን እያጠበለት፣ ሥሩና ቅጠሉ የሚገናኙበት ነጩ አንገቱ ከአፈሩ በላይ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ነቀልኩት። አብዛኛው አንገቱ ቡናማ ሆኖ ላሽቋል፤ ጠንከር ያሉትን ጥቂቶቹን አተረፍኩ። የበሰበሰውን ቅጠል ቆረጥኩ፣ ሥሩን ብቻ አሸዋ አልብሼ አንገቱን ነፃ አወጣሁ፣ ግማሹን ውሃ ባደረ ውሃ ለወጥኩ። ከዚያ በኋላ የቀረው እጅን መሰብሰብ ነበር፤ ለእኔ ዓይነቷ እሱ ከሁሉም ይከብዳል። የቀሩት አሮጌ ቅጠሎችም ረገፉ። ሳጥኑ ባዶ ሊመስል ምንም ሳይቀረው፣ አንድ ማለዳ ከአንገቱ መሀል አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ብሎ አገኘሁ።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ሣሩ ከጣት አይበልጥም፤ ግን ጥርት ያለ አረንጓዴ ነበር። አባቴም ጋቢያቸውን ደርበው መጥተው ከኋላ ቆመዋል። የረፋዱ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሳጥኑ ላይ አረፈች። መጀመሪያ አንዲት አረፋ ከቅጠሉ ጫፍ ተላቀቀች፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ እንደ ክር ተከታትለው ወጡ። አጠገቤ የነበረች የአንድ ተማሪ እናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሱብሃነላህ» አለች። ርዕሰ መምህሩ ወንድ ነው፣ መሸነፉን በሕዝብ ፊት አመነ። ይህ ሣር ሞቶ ነበር፤ ምን አድርገሽ አዳንሽው፣ የትኛው መጽሐፍ ላይ አገኘሽው ብሎ ጠየቀኝ።

«ከዩኒቨርሲቲ ማስታወሻዬ ላይ ነው» አልኩ።

ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። ወደ ኋላ ላለማየት ብሞክርም አየሁ። አባቴም እያጨበጨቡ ነበር።

እስከ አውቶቡሱ ሸኘኋቸው። መንገዱን ሙሉ እንዲወቅሱኝ ጠበቅሁ፤ እሳቸው ግን ስለ ማንጎ ችግኞቻቸው አወሩኝ። የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ እግራቸውን ካሳረፉ በኋላ ዘወር ብለው «ዋናው ሣሩ መትረፉ ነው፤ በርቺ» አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ይቅርታ ልጠይቃቸው የምችልባቸው ብዙ ዓመታት ነበሩ። አልጠየቅኳቸውም፤ ዛሬ የሉም።

የብሩክን ተክሎች አንድ በአንድ ከፍ ከፍ አድርጌ አንገታቸውን አወጣሁ። ቅጠል ይረግፋል፣ አትደንግጥ፣ እጅህንም አታስገባ አልኩት። እንደሚድኑ አልጠራጠርም፤ በዚህ ሥራ ላይ እጄን አምነዋለሁ። ብሩክ ስልኩን አውጥቶ፣ «እትዬ አስካለ፣ ይህን የት ነው ያነበቡት? እኔም ልፈልገው» አለኝ።

«አባቴ ናቸው ያስተማሩኝ።»

«ዓሣ ያረቡ ነበር?»

ማሽላ ነበር የሚያርሱት አልኩት፤ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ቁጭ አድርጌ ታሪኩን ከነውሸቴ ነገርኩት። አባቴ መስታወት ውስጥ ዓሣ ያዩት በሕይወታቸው ሁለት ቀን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን አስተማሩኝ፤ በሁለተኛው የእኔ ነው ስል አጨበጨቡልኝ።