አልማዝ የሚጠይቀው ምርጫ

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ፣ በወረርሽኙ የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች ሲዘጉና እኔም ሥራ አቁሜ ቤት ስውል፣ ትልቅ ሴትዮ ሆኜ ስልኬ ላይ የታሪክ ጌም መጫወት ጀመርኩ። የታሪክ ጌም ማለት እንዲህ ነው። ልብ ወለድ ታነቢያለሽ፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆምና «አሁን ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ይጠይቅሻል። አንደኛው ምርጫ ነጻ ነው። ሌላኛው አጠገቡ ትንሽ አልማዝ ተስሎበታል፤ አልማዙ የሚገዛው በእውነተኛ ገንዘብ ነው። ነጻው ሁልጊዜ አንገት ያስደፋል። ሰርግ ተጠርተሽ በአሮጌ ልብስሽ ትሄጃለሽ፤ ሰው ይሰድብሻል፣ ዝም ትያለሽ። ከከፈልሽ ግን ትለብሻለሽ፣ አፍ አውጥተሽ ትመልሻለሽ፣ የተዘጋውን በር ከፍተሽ የሚንሾካሾኩትን ትሰሚያለሽ። ቀጣዩን ምዕራፍ ለመክፈት ደግሞ ትኬት ያስፈልጋል። ትኬቱ ሲያልቅ ወይ ትገዣለሽ፣ ወይ በነጻ እስኪሞላ ሰዓታት ትጠብቂያለሽ።

ወደዚህ ጉድ ያስገባችኝ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምናመልክ ጓደኛዬ ናት። ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ጽዳት ትሠራለች፤ ከመካከላችን ሥራዋን ያላጣችው እሷ ብቻ ነበረች። ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ የረቡዕ የሴቶች ጸሎታችንን ወደ ስልክ ግሩፕ አዛወርነው። ከጸሎቱ በኋላ ወሬ ይመጣል፣ ከወሬው በኋላ ጌሙ። እያደር ጸሎቱ አጠረ። ግሪን ቫሊ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ አንድ እትዬ አሉን፣ የሁላችንም ታላቅ። እንግሊዝኛው ስለሚከብዳቸው ጓደኛዬ ምዕራፉን እያነበበች በአማርኛ ትተርክላቸዋለች። አልማዝ የሚጠይቅ ቦታ ሲደርሱ «ጌታ ይቅር ይበለኝ» ይሉና ይጫኑታል። ከዚያ እኔን ይጠይቁኛል፣ «ያዋጣል እንዴ ልጄ?» ብለው፤ ከተጫኑ በኋላ።

የሚጠይቁኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በካዚኖ ሥራዬ የቁማር ማሽኖቹ መሃል እየዞርኩ ብርጭቆና የሲጋራ መተርኮሻ አነሳ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ከማሽን ጋር ሲነጋገር ሰምቻለሁ። «አንዴ ብቻ» ይላል፣ ሺፍቴ አልቆ በማግስቱ ስመለስ ሰውየው በዚያው ሸሚዙ እዚያው ተቀምጧል። ስለዚህ ግሩፑ ውስጥ ዳኛ እኔ ሆንኩ። ቀሚስ አትግዙ፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ ሌላ ልብስ ይመጣል። መሳሳሙንም አትግዙ፣ ባል ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ባል የሌላችሁ ደግሞ ባታስታውሱት ይሻላችኋል። ምስጢር የሚነግራችሁ ከሆነ አስቡበት። ትኬት ግን በጭራሽ አትግዙ። መጠበቅ ነጻ ነው፣ ከጊዜ በቀር ምን አለን?

አንድ ቀን ጓደኛዬ አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ ተጫወተችው፤ አንዴ ሁሉንም ከፍላ፣ አንዴ ምንም ሳትከፍል። መጨረሻው አንድ ሆኖ አገኘችው። ያው ሰውዬ ይሞታል፣ ያው ቤት ይሸጣል። ይህን ስሰማ ክርክሩን ያሸነፍኩ መሰለኝ። «ይኸው» አልኩ፣ «መጨረሻው ያው ከሆነ ለምን ትከፍላላችሁ?» እትዬ ግን «ልጄ፣ የኛስ መጨረሻ ያው አይደል? መንገዱን ነው እንጂ የምንገዛው» አሉ። ያን ጊዜ ለአልማዝ ሰበብ የፈለጉ ነበር የመሰለኝ።

ጓደኛዬ ግን ምንም ሳታመዛዝን ትከፍል ነበር። «ምነው ገንዘብሽን እንዲህ ትበትኛለሽ?» ብዬ ስቆጣት «ዛሬ የዋልኩበትን ክፍል ብታዪ አልማዝ አትቆጥሪም» አለችኝ። ጠያቂ መግባት ተከልክሏል። ነርሷ ስልክ ይዛ የታማሚው ጆሮ ላይ ታደርጋለች፣ ቤተሰቡ በዚያኛው ጫፍ ያለቅሳል፣ እሷ ደግሞ እዚያው ወለሉን ትወለውላለች። ቤቷ ስትገባ ማንንም በር ላይ ጥላ መሄድ አትፈልግም፤ የወረቀት ሰው እንኳ ቢሆን። ከዚያ በኋላ እሷን መቆጣት ተውኩ።

ባለቤቴ ግን እኔን አልተወኝም። ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነበር፤ መንገደኛ ሲጠፋ ምግብ ማድረስ ጀመረ። እስከ ከተማው ጫፍ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ ድረስ የሰው ፒዛ ይዞ ሄዶ ሲመለስ ሶፋ ላይ ያገኘኛል። «አንቺ ሴትዮ፣ ለሌለች ሴት ቀሚስ ልትገዥ ነው?» ይላል። አልገዛሁም ብዬ ስምል አያምነኝም። አንድ ጊዜ በእልህ አልማዝ ገዝቼ ሦስት ቀን ተኳርፈናል።

እናቴ አዲስ አበባ፣ ታላቅ እህቴ ቤት ነበረች። ስኳር አለባት፤ በዚያ ሰሞን ኩላሊቷም ደክሞ ነበር። ሥራ ማቆሜ አልተነገራትም። «ስኳሯን አትጨምሩባት» ብላ የወሰነችው እህቴ ናት፣ እኛም ተስማማን። እኛ ቤት እንደዚህ ነው፣ እሁድ እሁድ እየደወልን ጤና ጤናውን እናወራለን። እናቴ «ሥራ እንዴት ነው?» ትላለች፣ «ይመስገን» እላታለሁ። እኔ ደግሞ «ወገብሽ እንዴት ነው?» እላታለሁ፣ «ይመስገን» ትላለች። በረራ የለም፣ መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል። ያለኝ ይህ የእሁድ ስልክ ብቻ ነበር፤ ድምጿን ካልሰማሁ ሳምንቱ አይጀምርልኝም።

በጋው ገብቶ የቬጋስ ሙቀት በር ሲያስዘጋን አገር ቤት ኢንተርኔት ተቋረጠ። በተራ መስመር ስደውል እህቴ አነሳች፣ «ተኝታለች» አለችኝ። በሚቀጥለው እሁድም ተኝታለች። «ቀስቅሻት» አልኳት። «መድኃኒቱ ነው የሚያስተኛት፣ ተያት ትረፍ» አለች፤ ካርዱ ሳያልቅ መስመሩ ተቆረጠ። ለባለቤቴ ስነግረው ቦርሳውን እየፈተሸ «ኔትወርኩ ነው» አለኝ። ስለ እንቅልፍ እየነገርኩት እሱ ስለ ኔትወርክ መለሰልኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው፣ እኔ ግን አልጠረጠርኩም።

በዚያው ሳምንት የምጫወተው ታሪክ ከባድ ቦታ ደረሰ። ልጅቷን ያሳደገቻት አክስቷ ታማ አልጋ ላይ ናት። ምርጫው ሁለት ነው። ነጻው «በር ላይ ሆነሽ ተሰናበቻት» ይላል። ሌላኛው «አጠገቧ ተቀመጪ» ይላል፤ አልማዙ በዚያ ታሪክ ካየሁት ሁሉ ይበዛል። በኔ ሕግ መልሱ ግልጽ ነው። አክስቲቱ በየትኛውም መንገድ ትሞታለች፣ ስለዚህ በሩ ይበቃል። ቢሆንም ጣቴ እምቢ አለኝና ለግሩፑ ጻፍኩ። ሁልጊዜ የምከለክላቸው እኔ ስለሆንኩ እንደሚስቁብኝ አልተጠራጠርኩም።

ማንም አልሳቀም። ጓደኛዬ «ይህንን እንኳ አታስቢበት፣ ግዢው» አለች። ከሥራዋ የተነሳ ነው ብዬ አለፍኩት። እትዬ ድምፃቸውን ቀድተው ላኩ፤ «ግዢው የኔ ልጅ፣ ተቀመጪላት፣ ደስ ይበልሽ» ይላል፣ መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ይሰበራል። ሌሎቹም ግዢ፣ ግዢ አሉ። ቤት መዋሉ አእምሯቸውን አናውጦታል ብዬ ባለቤቴን ጠየቅሁት፣ እሱ እንኳ ልክ ያስገባኛል ብዬ። እንጀራውን እየቆረሰ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ግዢው» አለኝ። «ምን?» አልኩት። «ገንዘብ ነው፣ ይመጣል። ግዢው» አለኝ።

ገዛሁ። ቢያንስ ረጅም ይሆናል ብዬ ነበር፤ ሁለት ገጽ እንኳ አይሞላም። አክስቲቱ ስለ ጓሮዋ ታወራለች፣ ልጅቷን ከስታለች ትላታለች፣ ብዪ ትላታለች፣ ትተኛለች። አለቀ። እንዲህ ያለ ርካሽ ነገር ላይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ባለቤቴ ተነስቶ መጥቶ ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ። በመስኮት ሳየው ፓርክ ያደረገበት ቦታ ሞተር ሳያስነሳ መሪው ላይ ተደፍቷል። በዚያ ሙቀት። ሥራ ስለጠፋ ነው አልኩ፣ አዘንኩለት።

ከዚያ ምግብ በበራችን ይመጣ ጀመር። ዶሮ ወጥ በፌስታል፣ ቅንጬ በቴርሞስ፣ ላዛኛ እንኳ መጣ። አምጪው በሩን ያንኳኳና ወደ መኪናው ይሸሻል፤ ስደውል «ብዪ ብቻ» ይለኛል። ባለቤቴም ሳህን ይዞ ከኔ ጋር ይቀመጣል፣ «አንዴ ጉረሺ» ይለኛል። በኛ አገር ሁሉም ሰው ባንዴ ብዪ ብዪ ሲል ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ይገባ ነበር። መርዶ ለባዶ ሆድ አይነገርም። እኔው ራሴ ለሌላ ሰው ሳበላ አድሬ አውቃለሁ፤ በራሴ ሲመጣ ወረርሽኙ ሰውን ደግ አደረገው አልኩ።

ከቀናት በኋላ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ ባለቤቴ ነጠላዬን ይዞ አልጋው አጠገብ ቆመ። «ልበሺ፣ ውጪ ሰው አለ» አለኝ። ወጣሁ። የአፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ እያንዳንዱ በየመኪናው በር አጠገብ ቆሟል፣ ሁሉም ማስክ አድርጓል። ፓስተራችን አሉ። ጓደኛዬ ከሌሊት ሺፍት ከነሥራ ልብሷ መጥታ ከሁሉም ርቃ ቆማለች። እትዬን ሳይ ግን ገባኝ። እትዬ አስም አለባቸው፣ ካዚኖዎቹ ከተዘጉ ጀምሮ ከበራቸው ወጥተው አያውቁም። ለትንሽ ነገር እዚህ አይመጡም።

ፓስተሩ ሳይጨርሱ ወደቅሁ። በኛ ወግ መርዶ ሲነገር ሰው እንዲሰበሰብ የሚደረገው ለዚህ ነው፤ አንዱ ወገብሽን ይይዛል፣ አንዱ እጅሽን፣ ደረትሽን እንዳትደልቂ ይከለክሉሻል። እኔን የያዘኝ ባለቤቴ ብቻ ነው። እትዬ ሁለት እርምጃ ቀረቡ፣ ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘቻቸው፣ ቆመው «ወይኔ ልጄ» እያሉ ማስካቸው ውስጥ አለቀሱ። አስፋልቱ ያደረውን ሙቀት አልለቀቀም ነበር፣ ጉልበቴን አቃጠለኝ። አንድ ጎረቤት ውሻውን እያንሸራሸረ መጣ፣ አየን፣ ሌላ መንገድ ያዘ።

«መቼ?» አልኩት ባለቤቴን ቤት ስንገባ። ነገረኝ። እኔ ከዚያች የወረቀት አክስት አጠገብ ስቀመጥ እናቴ ከተቀበረች ሰንብታለች። ሁሉም ያውቅ ነበር። እህቴ ለሱ ደወለች፣ እሱ ለፓስተሩ፣ ፓስተሩ ሰው ለመሰብሰብ ክልከላው እስኪላላ እንጠብቅ አሉ። ቆሽቴ አረረ። እቃ ወረወርኩ። «ሰው በሌለበት ብቻዬን ላረዳሽ? ብትወድቂብኝስ?» አለኝ፣ እንባው እየወረደ። እውነቱን ነው፣ ብቻውን አያረዳም። ያንን እያወቅሁም ይቅር ልለው ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

እህቴን ያገኘኋት ለቅሶው ጋብ ሲል ነው። ሁለታችንም አልቅሰን ስንደክም የፈራሁትን ጠየቅኋት። «ምን አለች? መጨረሻ ላይ።»

እህቴ እያቅማማች ነገረችኝ። በዚያ ጠዋት እናቴ ነቅታ እኔን ጠየቀች። እህቴ ስልኩን አንስታ ቁጥሬን ልትመታ ስትል ራሷ እናቴ ከለከለቻት። «ተያት፣ ሥራ ላይ ናት፣ አለቆቿ ይቆጧታል» አለቻት። እህቴ ሥራ እንዳቆምኩ ልትነግራት አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ምን ብላ ታስደንግጣት። «አንቺስ ብትሰሚ ምን ታደርጊ ነበር? መምጣት አትችዪ። መጨረሻው ያው ነው ብዬ ስልኩን አስቀመጥኩት» አለችኝ።

እዚያ ጠዋት ሲሆን እዚህ አመሻሽ ነው። ያን አመሻሽ ሶፋው ላይ ነበርኩ፣ ሥራም አለቃም አልነበረኝም። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ትኬት ላለመግዛት፣ በነጻ እስኪሞላልኝ ዓይኔን ተክዬበት እጠብቅ ነበር።