ያከሳኝ ሐዘን ብቻ አይደለም

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ዒዳዬን፣ ባል የሞተባት ሴት የምትጠብቀውን አራት ወር ከአስር ቀን፣ ቤት ተቀምጬ ሳሳልፍ ሰውነቴ ከበደ። ስኳሬ ከፍ አለ፤ ጉልበቴም ስሰግድ ለሱጁድ አልታጠፍ አለኝ። ደሴ ያየኝ ሐኪም በሳምንት አንድ ጊዜ ሆዴ ላይ የምወጋው መርፌ አዘዘልኝ።

«የምግብ ፍላጎትዎን ይቀንሳል» አለኝ፤ «አበላልዎንም አብረው ይቀይሩ።»

የሚከብደኝ ምግቡ መስሎኝ ነበር። ቅቤ የበዛበትን ወጥ ተውኩ፤ ከቀመስኩት ቀኑን ሙሉ ያቅለሸልሸኛል። እንቁላል፣ ምስር ወይም ትንሽ ሥጋ አስቀድሜ እንጀራውን ማስከተል ለመድኩ። ሳይጠማኝም ውሃ እጠጣለሁ። ሆዴ ይበቃል ካለ የቀረው ጉርሻ ቢሆንም አልታገለውም።

የከበደኝ ሰው ነው። ከከሚሴ ገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ያገኘችኝ ጎረቤቴ ቀሚሴ ትከሻዬ ላይ መስፋቱን አይታ፣ «ባሏን የምትወድ ሴት እኮ ታስታውቃለች» አለችኝ። ስለ መርፌው አልነገርኳትም። እኛ ዘንድ ባል ለሞተባት ሴት መክሳት ክብሯ ነው። በመድኃኒት ነው ብል ደግሞ፣ ዒዳዋን ጨርሳ ለሌላ ወንድ ወገቧን ታቀጥናለች መባሌ ነው። ዝም ባልኩ ቁጥር ግን ሐዘኔ የራሴ አልመስል አለኝ። ምግብ ቀርቦ ሳያሰኘኝ ሲቀር፣ እሱ ናፍቆኝ ይሁን መርፌው ከልክሎኝ እኔም አላውቅም ነበር።

በዚህ መሐል የባለቤቴ ታናሽ እህት ከጨፋ ሮቢት ጭኮ ይዛልኝ መጣች፤ ገብሱ በቅቤ የራሰ።

«ኛዹ» አለችኝ በኦሮምኛ፤ «ብይ እንጂ። ወንድሜን ተከትለሽ ልትሄጂ ነው?»

በጥፍሬ ጫፍ ቀመስኩላት። የቀረውን ፍሪጅ ልታስገባ ሄዳ መርፌውን ይዛ ተመለሰች።

«ይኼ የማን ነው?»

«የኔ ነው። ለስኳሬና ለክብደቴ።»

«ለክብደትሽ?» ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሰዉ ‹ወንድምሽን ስታስብ ከሳች› ሲለኝ ስኮራ የከረምኩት በመርፌ ነዋ።»

«በመርፌውም ነው፣ በእሱም ነው። የቱ እንደሚበዛ አልለየሁትም።»

«ወይስ ባል አይተሻል?»

«አንቺን የመሰለች አማች እያለችኝ ማን ይደፍረኛል?»

ልትስቅ ብላ ተወችው። መርፌውን ቦታው መልሳ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እኔ ከቀበርነው ወዲህ ወፈርኩ» አለች። «ትዝ ባለኝ ቁጥር ጓዳ ገብቼ እበላለሁ። የሚያየኝ ሁሉ ‹ሐዘኑ ተስማማት› ይላል። ወላሂ፣ አፍሬ ለቅሶ ቤት መሄድ ትቻለሁ።»

እጇን ያዝኩት፤ በእርግጥም ሞልቷል። ባለቤቴን ከእኔ አስቀድማ የምታውቀው እሷ ናት፤ አንድ መደብ ላይ ተኝተው ያደጉ ናቸው። እኔ ባልበላሁት ሲያመሰግኑኝ እሷን በበላችው ያሟታል።

«ታዲያ የሚስማማሽ ምንድን ነው?» አለችኝ።

እንቁላል ቀቀልን፤ ምስርም ነበረኝ። ለራሷ ጭኮዋን አወጣች። ቢስሚላህ ብለን ከአንድ ትሪ በላን።

«በቃሽ?»

«በቃኝ።»

አላጎረሰችኝም። ጋባዥ ቀድሞ እጁን ካነሳ እንግዳው ይሳቀቃልና፣ እሷ አፍራ እንዳትተው እጄን ከትሪው ጠርዝ ሳላነሳ አጫወትኳት። ስለ ወንድሟ የልጅነት ጊዜ እያወራችኝ ቀስ ብላ በላች።