አምባውና የአቶ ዱሬሳ ዘንግ

የቀደሙት አባቶች ሕልም ለመፍታት ሱባኤ ይገቡ ነበር፤ ለአምባው ግን የማታ ኮሌጅ ትምህርት በቃው። ቀን በቃሊቲ የብረት መጋዘን ዕቃ ሲረከብ ይውላል፤ ማታ ሥነ ልቡና ይማራል። ከዚያ ወዲህ የሰውን ሁሉ የነፍስ ጓዳ ካልበረበረ ዕረፍት አጣ። ባልንጀራው ቁልፍ ቢጠፋበት፣ «ሆን ብለህ ነው፤ ቤትህን ጠልተሃል» ይለዋል። እናቱ ወጡን ጨው ቢያበዙበት፣ «እማዬ፣ በማን ተቆጥተሽ ነው?» ይላል።

እንዲህም ሆኖ ብዙወርቅ ወደደችው። ሽማግሌ ቢልክ አባቷ አቶ ዱሬሳ፣ የገላን አዛውንት ገበሬ፣ «ልጁን ሳላውቅ አልመልስም፤ እሑድ ተመለሱ» አሉ። በዋዜማው ቅዳሜ አምባው በሰፈሩ ወጣት ማዕከል አዳራሽ ፊልም አሳይቶ ማብራሪያ እንዲሰጥ ተጋብዞ ስለ ነበር፣ ብዙወርቅ አባቷን ይዛ መጣች።

«አደራህን፣» አለችው በር ላይ፣ «ለአባባ ቀለል አድርገህ ተናገር።»

«እውነት ቀላል አይደለችም» አላት።

የፊልሙ ባለታሪክ ወጣት ሾፌር ነው። በሕልሙ የአባቱን ባርኔጣ ጎርፍ ሲወስደው አይቶ ይስቃል። መብራት ሲበራ አምባው ተነሣ።

«የቪየና ሐኪሞች እንዳስተማሩት ሕልም የተደበቀ ምኞት ነው። ወንድ ልጅ ሁሉ አባቱን አስወግዶ እናቱን የራሱ ሊያደርግ ይመኛል። ጎርፉ ሾፌሩ ራሱ ነው!»

እናቶች አማተቡ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ «አቦ፣ ቅሞ ተኝቶ ይሆናላ!» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ሞላው።

ያን ጊዜ አቶ ዱሬሳ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ልጄ፣ እኔም ሰሞኑን ሕልም አየሁ። አንድ ጎልማሳ ደጄ ላይ ቆሞ ዘንጌን ይዟል። ፊቱን ግን አላየሁትም።»

ሕልም እንደ ፈቺው ነውና፣ ሽማግሌ ሕልሙን በሰው ፊት ሲናገር መልሱ ከጥንት የታወቀ ነው። አዳራሹም በአንድ ድምፅ «በጎ ነው!» አለ። ለአምባው የቀረው «መመኪያ ልጅ ያገኛሉ» ማለት ብቻ ነበር። ብዙወርቅ ዓይኗን ተከለችበት። እርሱ ግን የመጀመሪያ ሕመምተኛውን አግኝቶ ልቡ ዘለለ።

«በጎስ አይደለም። ዘንጉ ወንድነትዎ ነው፤ ጎልማሳው ሊነጥቅዎ መጥቷል። ሞትዎንም ይመኛል።»

«ማን ይሆን እርሱ?»

«ወንድ ልጅ አለዎት?»

«እግዜር የሰጠኝ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነው።»

«እንግዲያስ አማችዎ ነዋ! አማች የልጅ ምትክ ነውና።»

ምን እንዳለ የገባው ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው። ሽማግሌ መላኩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃልና ጎረምሳው ቀደመው፦ «ኧረ ራሱን አሳሰረ!»

«ነገ ሽማግሌዎቹ አይድከሙ» አሉ አቶ ዱሬሳ በዝግታ። «ሞቴን የሚመኝ በገዛ አፉ ከነገረኝ በኋላ ልጄን ልድርለት?»

አምባው እስከ አስፋልቱ ተከተላቸው። «አባባ፣ ይህ እኮ ሰው ሳያውቀው የሚመኘው ነው!»

«አንተ ግን አወቅኸው።»

ብዙወርቅ ዞረችበት። «ሕልም ፍታልኝ ያሉህ መሰለህ? ልጄን ውሰድ እያሉህ ነበር እኮ!»

ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን፣ «ይህ ቁጣሽ ራሱ ከአባትሽ ጋር ያለሽን…» የሚል ነበር።

«ገላን፣ ሁለት ሰው!» ይጣራል የታክሲው ረዳት። አባቷን ደግፋ ገባች። አምባው ማብራሪያውን የጨረሰው ለተዘጋው በር ነው።