ለሽርሽር ቃሊቲ ያደርኩ ለት

ነገሩ የሆነው አምና ጥቅምት ውስጥ ነው። አሁንም ድረስ አንዳንድ ጠዋት ስነቃ በእውኔ ይሁን በሕልሜ ይምታታብኛል። ለሰው ካወራሁት ምናልባት እውነት መሆኑን አምናለሁ ብዬ ነው የጻፍኩት።

የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ቀን ከደንበኛ፣ ማታ ከእህት ወንድሞቼ ጋር ስጨቃጨቅ ኖሬ አንድ ቅዳሜና እሁድ እንኳ ብቻዬን መሆን አማረኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ማንም የማያውቀኝ ቦታ ልዞር፣ ሲለኝ ልተኛ። ስልኬ ላይ ርካሽ ሆስቴል ፈልጌ አንድ አልጋ ያዝኩ። አድራሻው “አዲስ አበባ” ይላል፤ ከዚያ ወዲያ አልመረመርኩም።

አውቶብሱ ቃሊቲ መናኸሪያ አውርዶኝ ለባለቤቱ ስደውል “አንድ ታክሲ ይበቃሻል፣ እዚሁ ቃሊቲ ነን” አሉኝ። ወዲያው ለእህቴ ደውዬ “ቃሊቲ ነው የማድረው” ስላት፣ “ምን አድርገሽ?!” ብላ ጮኸች።

ባለቤቱ ጋሽ ታዬ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የውጭ አገር ወጣቶች ቦርሳቸውን አዝለው ሲዞሩ ብዙ አልጋ ባለበት ክፍል ተጋርተው እንደሚያድሩ ሰምተው፣ ቤታቸውን አሳድሰው ተደራራቢ አልጋ ሞሉበት። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ የዓለም ካርታ ሰቅለዋል፤ እንግዳ ሲመጣ በመጣበት አገር ላይ እስፒል ይሰካበታል። ዓለም ባዶዋን ቀርታ እስፒሉ ሁሉ ኢትዮጵያ ላይ ተከምሯል። ደሴ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ነቀምት። ፈረንጅ እዚያ ድረስ አይወርድም፤ የሚያርፉባቸው ከክፍለ ሀገር እስረኛ ሊጠይቁ የሚመጡ ቤተሰቦች ናቸው።

“ማንን ልትጠይቂ ነው፣ ልጄ?” አሉኝ።

“ማንንም። ልዝናና ነው የመጣሁት።”

መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ፊታቸው በራ። “ጎሽ! ቱሪስት መጣችልን!” ብለው ለግቢው ሁሉ አወጁልኝ።

የሴቶቹ ክፍል ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። “ሰው ቃሊቲ የሚመጣው ወይ ሊጠይቅ ወይ ሊጠየቅ ነው። ለሽርሽር የመጣ ሰው አንቺን አየሁ!” አለች አንዲት የአዳማ ነጋዴ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከእኔ አልጋ በታች ያረፉት እማማ ዘይነባ ብቻ አልሳቁም። ከኮምቦልቻ የመጡ እናት ናቸው። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ላይ የታጠፈ ሽርጥ ይዘው ነበር። ሹፌሮች ረጅም መንገድ ሲነዱ ከወገባቸው የሚታጠቁት ዓይነት፣ አረንጓዴ መስመር ያለበት።

የመንገድ ድካም ስለያዘኝ ላይኛው አልጋ ወጥቼ ጋደም አልኩ። የጥቅምት ፀሐይ በመጋረጃው ገብታ ጣሪያው ላይ ትወዛወዛለች። ውጭ ባሕር ዛፉ ይንሿሿል፤ ከአስፋልቱ የከባድ መኪና ድምፅ ይመጣና ይርቃል። እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ይመልሰኛል። በተመለስኩ ቁጥር እማማ ዘይነባ ከታች ለነጋዴዋ ሲያወሩ እሰማለሁ። ታሪካቸውን እንዲህ በእንቅልፍ ልቤ ነው የሰማሁት።

ልጃቸው ሰዒድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መኪናው ተገለበጠና ረዳቱ ሞተ። ረዳቱ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ፋጡማ ልጅ ነው፤ ሁለቱ አንድ ጓሮ ነው ያደጉት። ሰዒድ ከታሰረ ወዲህ እናትህ መጡ ሲባል “በምን ፊቴ ላያት” ብሎ አይወጣም። እሳቸው ስንቁን አስገብተው፣ ድምፁን ሳይሰሙ ያን ሁሉ መንገድ ይመለሳሉ።

አሁን ግን የሟች እናት አውፍ ብለዋል። ከልባቸው ይቅር ማለታቸውን እንዲያምን የልጃቸውን ሽርጥ ልከውለታል።

“ታዲያ ከስንቁ ጋር አያስገቡለትም?” አለች ነጋዴዋ።

“ያለ ቃል እንዴት ይገባል? ድንገት ቢያየው እርግማን ነው የሚመስለው። አውፍ ማለቷንማ በሰው አፍ ልኬበት ነበር፤ እናቴ ልታጽናናኝ ብላ ነው ብሎ አላመነም። ዓይን ዓይኔን እያየ ነው መስማት ያለበት። ስንቁን እንኳ ለሰው ነው አሉ የሚያድለው፣ እሱ አይቀምስም። ወላሂ፣ እንዲህ ከቀጠለ ልጄ ከዚያ በእግሩ አይወጣም።”

“እማማ፣ እኔ ላስጠራው?”

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አፌ እንዴት እንደቀደመኝ አላውቅም።

“እኔን አያውቀኝም” አልኩ ተነስቼ እየተቀመጥኩ። “የማያውቃት ሴት መጣችልህ ቢሉት ማን ናት ብሎ ይወጣል።”

እማማ ዘይነባ አንገታቸውን አቅንተው አዩኝ። “የኔ ዓለም፣ አንቺ ልትዝናኚ አይደል የመጣሽው?”

“እሱ ይደርሳል” አልኳቸው።

እሁድ ጠዋት ስንወጣ ከወንዙ በኩል የተነሳው ጭጋግ መንገዱን ውጦታል። ከሩቅ የቅዳሴ ዜማ ይሰማል። ስንቅ በፌስታል ያንጠለጠሉ ሰዎች ከጭጋጉ ብቅ ይሉና ተመልሰው ይጠፋሉ፤ ማንም አይነጋገርም። እማማ ዘይነባ እጄን ይዘውኛል። ባይዙኝ ኖሮ የት እንደምሄድ የሚጠፋኝ ይመስለኝ ነበር።

በር ላይ መታወቂያ ሰጥተን ጠያቂ ሲመዘገብ የእኔን ስም አስቀደምን። ፈታሿ ሽርጡን ዘርግታ፣ አገላብጣ አይታ መለሰችልን። ከዚያ ሽቦው ፊት ቆመን ጠበቅን፤ እማማ ዘይነባ ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ከኋላዬ። ባይወጣስ? ወጥቶ ቢቆጣስ? እኚህን እናት ተስፋ ሰጥቼ ምን ይውጠኛል?

ወጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ያለጊዜው ሽበት ጣል ያደረገበት ሰው ነው። ዓይኑ ሰዉን ሲቃኝ እጄን አነሳሁ። ግራ እየገባው ቀረበ።

“እህቴ፣ ሰው ተሳስተሽ እንዳይሆን?”

“አልተሳሳትኩም” አልኩና ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ።

እናቱን ሲያይ ፊቱን አዙሮ ሊሄድ ተራመደ። እማማ ዘይነባ አልጮሁም። “ሰዒድ፣ ዙር” አሉት፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። ሲዞር ሽርጡን ዘርግተው በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገውታል። አወቀው። ተመልሶ ሽቦውን ያዘ።

“ፋጡማ ናት የሰጠችኝ። በእጇ አጥባ። ‘ይታጠቀው፣ እኔም እናቱ ነኝ በይልኝ’ ብላለች።”

“እሷ ናት? በራሷ አፍ?”

“በራሷ አፍ። ስዋሽ አይተኸኝ ታውቃለህ?”

ሽቦውን እንደያዘ ቁጢጥ አለ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። እናቱም ከወዲህ ቁጢጥ ብለው ጣቱን በሽቦው ቀዳዳ ያዙት። ፊቴን አዞርኩ፤ ጠባቂውም ሌላ ሌላ ያያል።

ሰዓቱ ሲያልቅ ጠባቂው ሽርጡንና ስንቁን ተቀብሎ ሰጠው። ሰዒድ ሽርጡን እዚያው ከሱሪው ላይ ታጠቀ። ከፌስታሉ ዳቦ ቆርሶ፣ እናቱ እያዩት ጎረሰ።

ከውጭ ባለች ኪዮስክ ደጃፍ እማማ ዘይነባ ዱካ ላይ ዘፍ አሉና “ራበኝ” አሉ። ሻይና ቦምቦሊኖ ገዛሁላቸው። ይበላሉ፣ ይስቃሉ፣ መሀል ላይ እንባቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። “አላህ የምትወጂውን ይስጥሽ፣ ሽርሽርሽን በላሁብሽ” አሉኝ። ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ለምን እንደማለቅስ ግን ለራሴም አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ እሳቸውንም ሰዒድንም አላየሁም። ተፈትቶ እንደሆነ አላውቅም። ሐዋሳ መግቢያ ላይ ሽርጥ ታጥቆ ከመኪናው ጥላ ሥር ያረፈ ሹፌር ባየሁ ቁጥር ግን ማለፍ ያቅተኛል፤ ቆም ብዬ “እንደምን ዋልክ?” እላለሁ። አብዛኞቹ ግራ ተጋብተው ያዩኛል። “አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ” የሚል ሲገኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።