አበባ አበባ የሚሸተው ሻይ

እህቴ ከቻይና ስትመለስ ኡሎንግ የሚባል ጠቆር ያለ ሻይ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ሉማሜ ውስጥ እንዲህ ያለ ሻይ የቀመሰ ስለሌለ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤት እየጠራሁ «መጀመሪያ አሽቱት፤ አበባ አበባ ይሸታል» እያልኩ አስተማርኩ። ጎረቤታችን ቄሱ እንኳ ዓይናቸውን ጨፍነው «እውነት ነው» ብለውኛል።

በመጨረሻ ባለሱቁን ሐጂን ጋበዝኳቸው። ለሻዩ ይሆናል ብለው ሃላዋ ይዘው መጡ። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ሳይቀምሱ መልሰው አስቀመጡት።

«ሻንጣው ውስጥ ከምን ጋር ነበር?»

«ከልብስ፣ ከሳሙና...»

«እኔ ሱቅ ሻይና ሳሙና አንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጡም» አሉና ሃላዋቸውን ቆረሱ።

እጄን ልታጠብ ብዬ ወጣሁና እህቴ ያመጣችውን ሳሙና አሸተትኩት። ያው አበባ ነው።