ጢስ ቤተሰብ የለውም ሲሉኝ

ደብረ ማርቆስ ላይ የተፈጥሮ ሽቶ አሠራር ሥልጠና ይሰጣል ሲባል ሰምቼ፣ ከሉማሜ በሚኒባስ እየተመላለስኩ ሦስት ሳምንት ተማርኩ። የመጨረሻውን ፈተና አንድም ሳይስት የመለሰ ሰው አዲስ በሚከፈተው ሽቶ ማምረቻ ይቀጠራል ተብሏል። ሥራውን ከልቤ ፈለግሁት። አፍንጫዬን የሚፈልግ ሥራ በዕድሜዬ አጋጥሞኝ አያውቅማ!

አሰልጣኛችን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነበር። ግድግዳው ላይ የለጠፈው ክብ ሥዕል ሽታዎችን በቤተሰብ ይከፍላል፤ የአበባ፣ የሎሚ፣ የቅጠል፣ የእንጨት፣ የቅመም እያለ። ጠጅ ሳር ከሎሚ፣ ጽድ ከእንጨት ሲመደብ እኔም እሰይ አልኩ። የወይራን ጢስ ከእንጨት፣ የጥንጁትን ጢስ ከቅጠል ሲያደርግ ግን አላስችል አለኝ።

እነዚህን ጢሶች የተማርኩት በውርደት ነው። በእኛ ቤት የወተት ቅል የሚታጠነው በወይራ፣ የጠላ ጋን ደግሞ በጥንጁት ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ቅሉን ጥንጁት ጢስ ላይ ደፋሁት። አባቴ ወተቱን አንዴ ፉት አለና "ማነው ጠላ ያጠጣኝ?" ብሎ አስቀመጠው። ሳምንቱን ሙሉ የቤቱ መሳቂያ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ተሳስቼ አላውቅም፤ እህትማማቾች መሆናቸውንም ረስቼ አላውቅም።

"መምህር፣ ጢስ እኮ ራሱን የቻለ ቤተሰብ ነው" አልኩት።

"ጢስ የተቃጠለ ነገር ሽታ ነው፣ እህቴ። ሽቶ ውስጥ ከገባ ጉድለት ነው የምንለው።"

"እርጥብ የጥንጁት ቅጠል አሽትተው ያውቃሉ? ከጢሱ ጋር በምንም አይገናኝም።"

"ሥዕሉ ላይ የለም።"

"እንግዲያው ሥዕሉን የሠራው ሰው ዕቃ አጥኖ አያውቅም።"

ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

በፈተናው ቀን ሽታ የያዙ አሥራ ሁለት ቁራጭ ወረቀቶች ቀረቡልን። ዘጠነኛው የወይራ ጢስ፣ አሥረኛው የጥንጁት ጢስ ነበር። ስማቸውን ጻፍኩና ቤተሰባቸው ላይ ለሁለቱም "ጢስ" አልኩ። አሰልጣኙ መልሴን ሊሰበስብ መጥቶ አነበበው፤ ከዚያ መልሶ ፊቴ አስቀመጠውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሌላው ሁሉ ልክ ነው። አንዱን እንጨት፣ አንዱን ቅጠል በይና እለፊ።"

ለእኔ አዝኖ ነው፤ እሱን አልክደውም። እስክሪብቶውን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

"ሽታቸውን ለይቻለሁ?" አልኩት።

"ለይተሻል። ቤተሰቡን ነው የሳትሽው።"

"አልሳትኩም" ብዬ ወረቀቱን ሰጠሁት።

ሥራው ቀረብኝ። ሚኒባስ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እስከ ሉማሜ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ሥራው ነው እንጂ መልሴ አይደለም። ያን ወረቀት ዛሬም ፊቴ ቢያስቀምጡት "ጢስ" ብዬ ነው የምጽፈው፤ ሁለቱም ቦታ ላይ።